ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሌባ

የጨዋታው መሪ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ከየት መጣህ? ለምንስ ከአገርህ ወጣህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እጄ እርሳሱ ላይ ደረቀ። ይህን ጥያቄ ጥገኝነት ስጠይቅ ሦስት ጊዜ ተጠይቄ፣ ሦስቱንም ጊዜ በአስተርጓሚ መልሻለሁ፤ ዛሬ የምናገረው ቀን ባለፈው ከተናገርኩት ጋር እንዳይጋጭብኝ እየፈራሁ። ሰውየው ፊቴን አይቶ ደነገጠ። «አንተን አይደለም፣ በጨዋታው የምትሆነውን ገጸ ባሕርይ ነው የጠየቅሁት» አለኝ።

ወደዚያ ጠረጴዛ የወሰደኝ በሌሊት ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። አምስት ሆነው ለስድስት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ተገናኝተዋል። አንዱ «ድልድዩ» ካለ አምስቱም በሳቅ ይወድቃሉ። የትኛው ድልድይ እንደሆነ ለማስረዳት ይሞክራሉ፤ ሲያስረዱት ግን ለእነርሱም ማሳቁን ያቆማል። ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት ተምሬ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ስለ ድልድዩ ግን ማንም አላስተማረኝም። እናም ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር እቀመጥ ነበር።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በትናንሽ ወታደሮች ከሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ አንሥተው በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ነው። መሪው ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቻችን ገጸ ባሕርያችን የሚያደርገውን እንናገራለን፤ መሳካት አለመሳካቱ ሲያጠራጥር 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይወረወራል። አሸናፊና ተሸናፊ ተብሎ የሚለይ ተጫዋች የለም። መጀመሪያ ይህ አልገባኝም ነበር፤ የማይሸናነፉ ከሆነ ለምን ሌሊቱን ያጋምሳሉ?

በቡድኑ ውስጥ ጠንቋይ፣ ፈዋሽ፣ ጦረኛና ቀስተኛ ነበሩ። እኔ ሌባ መረጥሁ። ሌባ ግድግዳ ተጠግቶ ይሄዳል፣ ቁልፍ ይከፍታል፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል ይወጣል። በዚያ ላይ ሌቦች ብቻ የሚግባቡበት ምስጢራዊ ቋንቋ በነጻ ይሰጠዋል። የሚያስቀው ሌላው ነገር ነው፤ በዚያ ዓለም ድንኩም፣ ሰውም፣ ጫካ ውስጥ የሚኖረውም ፍጡር «የጋራ ቋንቋ» የሚባል ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቀላጥፎ ይናገራል። ፈተና የለ፣ የምስክር ወረቀት የለ። ከዘንዶውም ከአስማቱም ይልቅ ለማመን ያስቸገረኝ ይህ ነው።

አንድ ሰው መዋሸቱን ለማወቅ የሚያገለግል ችሎታ አለ። ዳይስ ትወረውራለህ፣ በጥበብህ ያገኘኸውን ነጥብ ትጨምራለህ፣ መሪው የታዘብኸውን ይነግርሃል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል። በእውነተኛው ኑሮ እንዲህ ያለ ዳይስ ቢኖር ኖሮ ስንት ገንዘብና ስንት ዓመት በተረፈኝ! የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት መረመርሁት፤ በጉ የጠፋበትን እረኛ መረመርሁት፤ መንገድ የጠየቀችንን አሮጊት ሁለት ጊዜ መረመርኋት። አንድ ምሽት ፈዋሿ «ቁስልህን ልይልህ» ስትለኝ እርሷንም ልመረምር ዳይሱን አነሣሁ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ጠንቋዩ በቀስታ «እርሷ እኮ ከእኛ ጋር ናት» አለኝ። አወቅሁ፤ ግን ወረወርሁ።

ውጊያ ሲመጣ ደግሞ አልሆነልኝም። ብቻዬን ዞሬ ከጎን እገባለሁ፣ በጩቤ እወጋለሁ፣ ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለሦስት ሳምንት ያህል ሌባ የመረጥሁት በስሕተት እንደሆነ አመንሁ። በኋላ ደንቡን ራሴ በመዝገበ ቃላት ቁጭ ብዬ አነበብሁት። የሌባው ትልቁ ኃይል፣ ተጨማሪ ዳይስ የሚያስወረውረው ድንገተኛ ምት፣ እንዲሁ አይሠራም። ወይ ተደብቆ እንደመምታት ያለ ብልጫ ሊኖርህ ይገባል፣ ወይም ከጠላትህ አጠገብ፣ በ5 ጫማ ርቀት ውስጥ፣ የአንተ ወዳጅ ቆሞ መገኘት አለበት። እኔ ጦረኛው ካለበት እየሸሸሁ ኖሬያለሁ! በሚቀጥለው ሳምንት ጦረኛው የገጠመውን ፍጡር መታሁት። ጦረኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ፤ እኔ ግን ስለ ደንቡ ቀድሞ ለምን እንዳልነገረኝ ቅር ብሎኝ ነበር። «ብቻህን መሆን የምትፈልግ መስሎን» አለኝ።

የሕይወት ነጥብህ ዜሮ ሲሆን ወዲያው አትሞትም። በየተራህ ዳይስ ትወረውራለህ፤ 10 እና ከዚያ በላይ ወደ መትረፍ፣ ከዚያ በታች ወደ ሞት አንድ እርምጃ። ሦስት ጊዜ ከተሳካልህ ትረጋጋለህ፣ ሦስት ጊዜ ካልተሳካልህ አበቃ። 1 ከወጣብህ እንደ ሁለት ውድቀት ይቆጠራል። አንድ ዋሻ ውስጥ ወደቅሁና የመጀመሪያው ውርወራዬ 1 ሆነ። አንድ ብቻ ቀረኝ። ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርሁ፤ የሚቀጥለውን አውቶቡስ ሰዓት በልቤ እያሰላሁ ነበር።

ፈዋሿ ከተፋለመችው አውሬ ሮጣ ወጣች። ከጠላት እጅ የሸሸ ሰው ጀርባውን ይመታል፤ ደንቡ እንዲህ ነው፤ እርሷም ታውቀዋለች። ተመታች። ከራሷ የቀረው ሦስት ነጥብ ብቻ ሆኖ አጠገቤ ደረሰችና እጇን ጫነችብኝ። ለምን እንዳደረገችው ስጠይቃት ጥያቄው ራሱ አልገባትም። «ወድቀህ ነበራ» አለችኝና ዳይሱን ለሚቀጥለው ሰው አቀበለች።

ዋሻው መጨረሻ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ሰው አገኘን። ከእናንተ ጋር ውሰዱኝ አለ። ከየት እንደመጣ መሪው ሲጠየቅ የሰውየውን ድምፅ አውጥቶ ተንተባተበ፤ የተናገራቸው ሁለት ቀኖች እርስ በርሳቸው አይገጣጠሙም። አምስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጠንቋዩ ዳይሱን ፊቴ አስቀመጠ።

ወረወርሁ። 4 ወጣ።

«ምንም የሚያጠራጥር ነገር አላየህም» አለ መሪው።

በእርግጥ አጠራጥሮኛል። ሰንሰለቱን ግን መክፈት የምችል እኔ ብቻ ስለነበርሁ ከፈትሁለትና በእኔ ፈረስ ላይ አወጣነው።