ሰሜን ተራራ ላይ የአተር ክክ ይዛችሁ እንዳትወጡ

በ2012 ታህሳስ አራት ጓደኛሞች ሆነን ራስ ዳሸን ልንወጣ ሄድን። ስድስት ቀን አምስት ሌሊት ነበር ፕላኑ። ምግቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ማለቴ ኃላፊነቱን፣ የተሸከመችውማ በቅሎዋ ናት። ራስ ዳሸንን ግን አላየነውም፣ ምክንያቱ ደግሞ ዝናብም ህመምም አይደለም፣ ክክ ነው። አትሳቁ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደረስን፣ ተመዘገብን፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ) ተሰጠን፣ ሁለት በቅሎ ከነባለቤቶቻቸው ተከራየን፣ ድንችና ሽንኩርት ከገበያ ገዛን። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንካበር የሚባለው ካምፕ አደርን፣ ፓስታ በላን። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጉዞውን ያመቻቸልን ሰውዬ በስልክ "ስካውቱም ባለበቅሎዎቹም የራሳቸውን ስንቅ ይይዛሉ፣ አንተ ለአራት ሰው ብቻ አስብ" ብሎኝ ነበር። እኔም አምኜ በካልኩሌተር ለአራት ሰው በግራም አሰላሁ (እስካሁን ያናድደኛል)። ሰዎቹ የያዙት ግን አንድ ፌስታል ቆሎና ትንሽ በሶ ነው። እነሱ ቆሎ እየቆረጠሙ እኛ ፊታቸው ፓስታ ልንጠቀልል ነው? እንዴት ተደርጎ! ስለዚህ ሰባት ሆንን። ጾመ ነቢያት መሆኑንም ረስቼዋለሁ፤ እኛ አራታችን አንጾምም፣ እነሱ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ እኔ ደግሞ 30 እንቁላልና 12 ቱና ጭኜ ነው የመጣሁት። ለሁላችንም የሚሆን ምን ቀረ? ትንሽ ሩዝና ሦስት ኪሎ የአተር ክክ።

ሁለተኛው ቀን ግጭ ካምፕ ገባን፣ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ክኩን ጣድኩ። ውሃው ቶሎ ፈላ፣ ተንተከተከ፣ እኔም ደስ አለኝ። አንድ ሰዓት ሲሆን ቀመስኩት፣ ጠጠር ነው። ሁለት ሰዓት ላይም ጠጠር። ሦስት ሰዓት ላይ ከላይ ትንሽ ለስለስ ብሎ ውስጡ ያው ጠጠር። ያኔ ያላወቅኩት፣ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የፈለገ ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳት ብትጨምሩ የምትጨርሱት ላምባውን ነው እንጂ ክኩ ምንም አይመስለው። ከቀን ጀምሮ ብዘፈዝፈው ትንሽ ይሻል ነበር፣ እሱንም አላሰብኩትም።

ስካውቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አራት ሰዓት ሙሉ ሲያዩኝ ቆይተው "ልጄ፣ እዚህ ክክ አይበስልም፣ ሽሮ የለህም እንዴ?" አሉኝ። "አባቴ ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም?" ብላቸው "መች ጠየቅኸኝ" ብለው በሶአቸውን በጥብጠው ሰጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ በሶ የጣፈጠኝም ያሳፈረኝም ቀን የለም፣ ምክንያቱም እናቴ ከቤት ስወጣ በሶ ልቋጥርልህ ብላኝ "እማዬ ገጠር እኮ አይደለም የምሄደው" ብያት ነበር። ወዴት እየሄድኩ መስሎኝ እንደነበር እንጃ።

ለስድስት ቀን ካሰብኩት አምስት ሊትር ላምባ ከግማሽ በላይ በዚያች ማታ አለቀ፣ ነፋሱም አግዞኝ። እንጨት መልቀም ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው፣ መሆንም አለበት። ጠዋት ክኩን በቅሎዋ በላችው። በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ ላይ ቆመን ገደሉን ስናይ ሁሉም "ዋው" ይላል፣ እኔ ሩዝ እቆጥራለሁ። ጨነቅ ካምፕ ስንደርስ ያቺ የቀረችው ላምባ ለሻይና ለግማሽ ጥሬ ሩዝ ሆነች፣ ዳቦአችንን ደግሞ ቁራ ከእጃችን ላይ ነጥቆን ሄደ። ከዚያ ወዲያ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ በባዶ ሆድ መሄድ አይሆንም አልን፣ ጨነቅ የመኪና መንገድ ስላለው በማግስቱ ተመለስን።

አሁን ብሄድ ሽሮ ነው የምይዘው፣ እሱም ቁሌቱን እቤት በደንብ አብስዬ፣ እዚያ ማፍላት ብቻ እንዲቀረኝ። እንጀራ ሳይሆን ድርቆሽ፣ እንጀራማ ኮረጆ ውስጥ ተፈርፍሮ ነው የሚደርሰው። በሶ በብዛት፣ ዳቦ ቆሎም። ኢንተርኔት ላይ "ክብደት ቀንሱ፣ እያንዳንዱን ግራም መዝኑ" የሚሉትን እርሱት፣ እሱ በጀርባው ለሚሸከም ነው፣ እኛ በቅሎ አለን። ላምባ ካሰባችሁት እጥፍ ያዙ። ማንም ምንም ቢላችሁ ስካውቱንና ባለበቅሎዎቹን ቁጠሩ፣ ካሌንደር ላይም ጾሙን እዩ።

የተረፈውን አንድ ኪሎ ተኩል ክክ ይዤው አዲስ አበባ ገባሁ። እናቴ በማግስቱ ሠራችው። ሰዓት ይዤ ነበር፣ አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀበትም።