ባለ ጎማ የሥጋ ማጨሻ፦ ለጎንደር አየር የተለካ

ይህ ማጨሻ ባንድ ጫፉ እሳት የሚነድበት ሳጥን፣ መካከሉ ላይ ሥጋው በጭስና በሙቀት የሚበስልበት ክፍል፣ በሌላው ጫፍ ጭስ ማውጫ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ነው። ለቆላ አገር የተነደፈ የሥጋ ማጨሻ እንዳለ ተቀድቶ ጎንደር ላይ ቢሠራ እሳቱ ይታፈናል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱም ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። በዚያው ቀዳዳ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በያጅ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቀዳዳዎቹን አስሉ። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይስተካከላል፤ የእሳት ሳጥን መተንፈሻን ከተበየደ በኋላ ማስፋት ግን አድካሚ ነው።

ለማብሰያው ክፍል ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ጫፍ ለጫፍ ይበየዳሉ። የጎን ስፋታቸው 57 ሴንቲ፣ ሲጋጠሙ ርዝመታቸው 175 ሴንቲ ገደማ ነው። የምግብ ዘይት የነበረበትን ፈልጉ። ቤንዚን ወይም ኬሚካል የነበረበትን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ባዶ በሚመስል በርሜል ውስጥ የቀረ ትነት በግራይንደር ብልጭታ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። የዘይቱንም ቢሆን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ ከተቆረጠ በኋላ ውስጡ እንጨት አንድዳችሁ የውስጥና የውጭ ቀለሙን አቃጥሉና በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ዚንጎም ሆነ ዚንክ የተቀባ ሬቴ ወደ እሳቱም ወደ ሥጋውም አይጠጋ፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል።

የማብሰያውን በር ባንድ ጊዜ ዙሪያውን አትቁረጡ። የበርሜል ላሜራ ሲለቀቅ ይከፈትና ተመልሶ አይገጥምም። መጀመሪያ የማጠፊያውን መስመር ብቻ ቆርጣችሁ ማጠፊያዎቹን በይዱ፣ ከዚያ ሦስቱን ጎኖች ጨርሱ። በበሩ ጠርዝ ዙሪያ 3 ሴንቲ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ካልዞረ ጭሱ በዚያ ያመልጣል። ላሜራው ስስ ስለሆነ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ በዝቅተኛ አምፔር፣ በአጭር በአጭር እየዘለሉ መበየድ ነው። መስመሩን ባንድ ትንፋሽ የሚጎትት በያጅ ይበሳዋል።

የእሳት ሳጥኑ ይዘት የማብሰያው ሲሶ ይሁን። ለ400 ሊትር ማብሰያ 50 በ50 በ55 ሴንቲ ሳጥን ይበቃል። በ6 ሚሊ ላሜራ ሥሩት። ብቻውን 75 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ዋጋውም ይከብዳል፤ ግን ስስ ሳጥን በጥቂት ወራት ይጣመማል፣ የማታ ነፋስ ሲመጣም ሙቀት አይዝም። ከሳጥኑ ወደ ማብሰያው የሚያሳልፈው ቀዳዳ በዝቅተኛ ቦታ 420 ካሬ ሴንቲ ቢበቃው፣ እዚህ 500 አድርጉት። ከበርሜሉ ግርጌ ወደ ላይ ከ14 እስከ 15 ሴንቲ ለክታችሁ አግድም መስመር ብታሰምሩና ከመስመሩ በታች ያለውን ብትቆርጡ ልክ ይመጣል። አየር ማስገቢያው 10 በ10 የሆኑ ሁለት መስኮቶች፣ ተንሸራታች ክዳን ያላቸው፣ ከእሳቱ ፍርግርግ በታች ይሁኑ። ፍርግርጉን በ14 ሚሊ ፌሮ ሠርታችሁ ከወለሉ 12 ሴንቲ ከፍ አድርጉት፤ አመዱ አየሩን እንዳይዘጋ። ጭስ ማውጫው የውስጥ ስፋቱ 15 ሴንቲ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ሆኖ ከሳጥኑ በተቃራኒው ጫፍ፣ ሥጋው በሚቀመጥበት ከፍታ ይግባ። ብዙዎች ከበርሜሉ አናት ያወጡታል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ከሥጋው በላይ ሄዶ ያልፋል።

የስብ መውረጃው 1 ኢንች ቧንቧ ይሁን፤ ከዚያ የጠበበው ይደፈናል። በርሜሉንም 2 ሴንቲ ያህል ወደዚያው አዘንብሉት።

ተሳቢው ላይ ከባዱ ጥያቄ የአክሰሉ ቦታ ነው። የእሳት ሳጥኑ ከመኪናው እንዲርቅ ከኋላ ይቀመጣል፤ ከኋላ ሲሆን ደግሞ የፊቱን ያቀልላል፣ ፊቱ የቀለለ ተሳቢ በቁልቁለት ይወዛወዛል። በመኪና ጋንቾ (መጎተቻ መንጠቆ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ማጨሻው 300 ኪሎ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ማለት ነው። ርዝመቱ 230 ሴንቲ በሆነ የቱቦላሬ ፍሬም ላይ አክሰሉን ከፊት 170 ሴንቲ ገደማ ላይ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙት፤ ሁሉ ነገር ከተጫነ በኋላ የመጎተቻውን ጫፍ በእህል ሚዛን መዝኑና ያኔ አጥብቃችሁ በይዱ። የሳጥኑ ሆድ ከመሬት 30 ሴንቲ ካልራቀ የኮብልስቶን መገጣጠሚያው ይመታዋል። በዚህ ልክ ሥጋው 93 ሴንቲ ገደማ ከፍታ ላይ ይውላል፣ ጀርባም አያጎብጥም። በጎማውና በሳጥኑ መካከል የሙቀት መከላከያ ላሜራ አስገቡበት። ስቶፕ መብራትና ፍሬቻ ይኑሩት፤ ለመንገድ የሚያስፈልገውን ፈቃድም ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እሳት እያለበት አይጎተት።

ሥራውን በዐቢይ ጾም ብትጀምሩት መልካም ነው። ሥጋ አያስቸኩልም፣ ዝናብም አይበዛም፣ ለፋሲካ ይደርሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነድ ውስጡን ዘይት ቀብታችሁ በ130 ዲግሪ ሦስት ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ሥጋው በሚቀመጥበት ፍርግርግ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁራሽ ዳቦ ደርድሩ። ወደ ሳጥኑ ያለው ቶሎ ይጠቁራል፤ ልዩነቱ ከበዛ ከቀዳዳው አናት ጀምሮ 50 ሴንቲ ርዝመት ያለው ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ወደ ታች አዘንብላችሁ ግጠሙ። ቴርሞሜትር በሁለቱም ጫፍ፣ በሥጋው ከፍታ።

እንጨቱ ወይራ ነው። ለጋንና ለወተት ዕቃ የምናጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭሱ ንጹሕ ነው፣ ፍሙም ይቆያል። የተገረዘ ቅርንጫፍ እንጂ የቆመ ዛፍ አይቆረጥ። የማንጎና የዘይቱን እንጨትም ይሆናል። ባሕር ዛፍና ጽድ ለሥጋ አይሆኑም፣ ያስመርራሉ። እንጨቱ የደረቀ፣ ውፍረቱ የእጅ አንጓ ያህል ይሁን፤ በክረምት ሳጥኑ አናት ላይ ደርድራችሁ አድርቁት። ነጭ ወፍራም ጭስ ካያችሁ አየር ጨምሩ። ሙቀት ለመቀነስ ጭስ ማውጫውን አትዝጉ፣ እንጨት ቀንሱ።

የከብቱን ፍርምባ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ላይ አኑሩት። ውስጡ 65 ወይም 70 ሲደርስ ለሰዓታት አልጨምር ይላል፤ ከላዩ የሚተነው ላብ እያበረደው ነውና እሳት አትቆስቁሱ። በቆላ አገር መመሪያ ውስጡ 95 ይድረስ ይባላል። እዚህ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ያንን ቁጥር ስትጠብቁ ሥጋው ይደርቃል፤ በተለይ ስቡ ጥቂት የሆነው የእኛ በሬ። ከ88 ጀምሮ ስስ ሹል ብረት እየወጋችሁ ሞክሩ፤ ያለ ግፊት ሲገባ አውጡትና በወረቀት ጠቅልላችሁ አንድ ሰዓት ሳትቆርጡ አሳርፉት።