ልጁን ከሜዳ ማስወጣት

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ የድሬዳዋ ፀሐይ በረድ ስትል፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ አሸዋማ ሜዳ ላይ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። መተዳደሪያዬ የሒሳብ መምህርነት ነው፤ ከልጆቹ ጋር የምውለው ግን ስለምወደው ነው። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ስለ አሰላለፍ፣ ስለ ኳስ ቅብብልና ስለ አካል ብቃት የቻልኩትን ያህል አንብቤአለሁ፣ ከሚያውቁም ጠይቄአለሁ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጉዳይ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ አንድን ልጅ ጨዋታው ሳያልቅ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ከሜዳ የማስወጣት ጉዳይ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ የግራ ተከላካያችን በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ኳስ ተነጠቀ፤ ሁለተኛዋ ጎል ሆነች። እኔም ከመስመር ዳር ስሙን ጠርቼ በእጄ እንዲወጣ ምልክት ሰጠሁትና ወዲያው ፊቴን አዙሬ ለሚገባው ልጅ መመሪያ መስጠት ጀመርኩ። ልጁ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መጣ፤ ማሊያውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተወና ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ቤቱ ሄደ። በሚቀጥለው ልምምድ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። ቤቱ ድረስ ስሄድ እናቱ በአክብሮት አስገብታ ሻይ ከቀዳችልኝ በኋላ፣ «መቀየሩን ችሎት ነበር፤ ሲወጣ ግን ጀርባህን ነው ያየው» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ልጁም በጨዋነት ተቀበለኝ፤ ወደ ቡድኑ ግን አልተመለሰም። ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ እኔ ግን ያንን ቀን አልረሳሁትም።

መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ስፖርት ነው። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ቤዝቦል ይወዳል፤ አንድ ጊዜ ስታዲየም ሆኖ በስልኩ ሲያሳየኝ፣ ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ደክሞ ኖሮ ጨዋታው ቆመና አሰልጣኙ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ሣሩን አቋርጦ፣ ወርዋሪው እስከቆመበት ጉብታ ድረስ በእግሩ ሄደ። ያ ጉብታ ኳሱን ከሚመታው ተጫዋች መቆሚያ 18.44 ሜትር ይርቃል፤ ወርዋሪውም ብቻውን ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። አሰልጣኙ አጠገቡ ደርሶ አንድ ሁለት ቃል ተናገረው፣ ኳሱን ከእጁ ተቀበለው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሸኘው። በዚያ አገር ትልቁ ሊግ ደንብ አንድ ጊዜ የተቀየረ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም፤ ስለዚህ የዚያ ሰው ቀን እዚያው አብቅቷል። ሆኖም ይህንን የነገረው ሰው ዓይኑን እያየ ነገረው።

ሳይቀይሩ ለማነጋገር ወደ ጉብታው መሄድም በቁጥር የተገደበ እንደሆነ በኋላ ተረዳሁ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው ሊግ ለአንድ ቡድን አንድ ጨዋታ በሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች የሚፈቀደው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንድ ዙር ውስጥ ወደ አንድ ወርዋሪ ሁለተኛ ጊዜ የሄደ አሰልጣኝ ደግሞ የግድ ይቀይረዋል። ንግግር እንዲህ ሲቆጠር አሰልጣኙ ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚል ማሰብ ይኖርበታል። እኔ በአንድ ጨዋታ ከመስመር ዳር ስንት ጊዜ እንደምጮህ አንድ ቅዳሜ ረዳቴን አስቆጠርኩት፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ከስድሳ አለፈ።

በእግር ኳስ አሰልጣኝ ያለ ዳኛ ፈቃድ ሜዳ ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚቀየር ተጫዋች በአቅራቢያው ባለው መስመር እንዲወጣ ደንቡ ስለሚያዝ፣ በእኛ የሰፈር ጨዋታዎች ላይ ዳኛውን አስፈቅጄ ልጁ ወደሚወጣበት ቦታ አስቀድሜ እሄዳለሁ። እጁን እይዘዋለሁ፣ የወጣበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር እነግረዋለሁ፣ ውሃ እሰጠዋለሁ። ምክንያቱ እውነት መሆን አለበት፤ አጥፍቶ የወጣን ልጅ «ደክሞህ ነው» ብሎ ማታለል አይቻልም፤ ልጆች ውሸትን ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

ቋንቋም አለ። የቡድኔ ልጆች አማርኛ ሁሉም ይችላሉ፤ ግማሾቹ ግን ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነው፣ አንድ የሐረሪ ልጅም አለ። ሰው ሲከፋው የእናቱን ቋንቋ መስማት እንደሚፈልግ ስላየሁ፣ ለአንዱ «ና»፣ ለአንዱ «ኮቱ»፣ ለአንዱ «ካለይ» ማለትን ለመድኩ። ከዚያ የሚቀጥለውን ካልቻልኩ አምበሉ ይረዳኛል። ከሌላ ከተማ የመጡ አሰልጣኞች የድሬ ልጅ «ለምን አወጣኸኝ?» ብሎ በአንተታ ሲጠይቃቸው ድፍረት ይመስላቸዋል። በእኛ ከተማ ግን አንቱታ ድሮም አይበዛም፤ የጠየቀኝ ልጅ አክብሮኝ ነው፤ የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ነው።

ከመስመር ዳር የሚቆሙት ትልልቅ ሰዎችም «አውጣው!» ማለት ይወዳሉ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም ሲካሄድ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ሱዳንንና ዛየርን ያዩ አባቶች አሉ፤ ዋንጫውን የወሰደችውም እዚህ የተጫወተችው ሞሮኮ ነበረች። እነዚህ አባቶች ኳስ ያውቃሉ፤ ምክራቸውንም እሰማለሁ። ነገር ግን የሚያዩት ጨዋታውን ነው፤ ያ ልጅ ምሳ ሳይበላ መምጣቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በጩኸታቸው ማንንም አልቀይርም።

ያልፈታሁት የግብ ጠባቂው ነገር ነው። አጥቂ ሲወጣ ሰው ለስልት ነው ሊል ይችላል፤ ግብ ጠባቂ ሳይጎዳ ከወጣ ግን ምክንያቱ ለሁሉም ግልጽ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጎል የገባበትን በረኛችንን ከእረፍት በኋላ ቀየርኩት። አጠገቡ ሄጄ እጁን ይዤ ነገርኩት፤ አንገቱን ነቀነቀ፣ ጓንቱንም ለሚገባው ልጅ ራሱ አቀበለው፤ እስከ መጨረሻው ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ነገ ልምምድ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ሜዳ እገኛለሁ፤ እርሱም ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚመጣው።