«ገብቷል» ያልኩበት ሳምንት

ሰኔ ለእኛ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የጥድፊያ ወር ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ስለሚያበቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል የቆየው ረቂቅና ሪፖርት ሁሉ በዚህ ወር ይከመራል፤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውለው በጀትም ከዚያው ጋር ይደርሳል። ለመራጮቼም ሰኔ ጥድፊያ ነው፤ በመንዝ ደጋ የመኸሩ ስንዴ የሚዘራው በዚህ ወር ማብቂያና በሐምሌ መግቢያ ስለሆነ፣ ዘሩን፣ በሬውንና ማዳበሪያውን በአንድ ቀን ያላገናኘ ገበሬ ዓመቱ ያልፈዋል። ባለፈው ሳምንት እነዚህ ሁለት ጥድፊያዎች በእኔው አንደበት ተጋጩ።

ሰኞ በቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ የግብርና ግብዓት ሪፖርት ስናይ ዋልን። ሠንጠረዡ የተገዛውን፣ ጅቡቲ ወደብ የደረሰውንና ወደ ሀገር ውስጥ የተጓጓዘውን የማዳበሪያ መጠን በሦስት ረድፍ ያሳያል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው አኃዝ ደህና ስለመሰለኝ በእርሳስ አሰመርኩበትና ገጹን ገለበጥኩ። ማክሰኞ በመደበኛው ስብሰባ እጄን አውጥቼ ተራ ሳይደርሰኝ ቀረ። ስለ ሐሙሱም ብዙ የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ በጀቱ እንዳብራራ ጋብዞኝ ነበር። ለበጀቱ ሌሊቱን ተዘጋጅቼበታለሁ፤ አቅራቢው ግን ዜና ሊገባ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት «ለመሆኑ ማዳበሪያው ገብቷል?» ሲል ጠየቀኝ። ያሰመርኩበት አኃዝ ትዝ አለኝና «አዎ፣ ገብቷል» አልኩ። ሐሰት አልተናገርኩም፤ ሰነዱ የሚለው ይኸው ነው። ከስቱዲዮ ስወጣ እንዲያውም አጭርና ግልጽ መልስ በመስጠቴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህችን ደስታ ሳልሸሽግ መመዝገብ አለብኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደብረ ብርሃን አደርኩ፤ ቅዳሜ ማለዳም ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ገባሁ። የሄድኩት ለወረዳው ስብሰባ ነው፤ ነገር ግን አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ሐዘን ላይ መሆናቸውን ስለሰማሁ አስቀድሜ ለቅሶ ደረስኩ። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይደነግጋል። በድንኳኑ ውስጥ ግን እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ፤ መቀመጫዬም በዚያው ልክ ነው።

የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ንፍሮና ሽሮ ቀርቧል። ከአጠገቤ በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበርና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ረቡዕ በሬዲዮ ሰማንህ» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ።»

«ማዳበሪያው ገብቷል አልክ። የት ነው የገባው?»

«ከወደብ ወደ ሀገር ውስጥ ማለቴ ነው» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ገና አፈርኩ።

«እህ! እኛ እኮ ገባ ካልን ጎተራ ገባ ማለታችን ነው። አንተን ሰምቼ በማግስቱ አህያዬን ነድቼ ማኅበሩ ድረስ ወረድኩ። መጋዘኑ ባዶ ነው። የመጋዘኑ ልጅ ‹ሬዲዮኑን ይጠይቁ› ብሎ ሳቀብኝ።» ቀጠሉና «ዩሪያው ቢዘገይ ግድ የለም፣ ከበቀለ በኋላም ይበተናል፤ ዳፑ ግን ከዘሩ ጋር መሬት ካልገባ ምን ይሠራልኛል?» አሉ። (ዩሪያና ዳፕ የማዳበሪያ ዓይነቶች ናቸው።)

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ በእውነት መልሱን አውቀዋለሁ ብለው ነው፤ እኔ ደግሞ ከወደብ ወደ ዩኒየን (የገበሬ ማኅበራት ኅብረት) መጋዘን፣ ከዩኒየኑ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ከማኅበሩ ወደ አህያው ጀርባ ያለውን መንገድ እያወቅሁ፣ በየትኛው ላይ እንደቆመ ሰኞ አልጠየቅሁም። «አላውቅም አባቴ፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ንፍሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

የወረዳው ስብሰባ ረጅም ነበር። ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ሬዲዮ ላይ የተናገርኩት ከወደብ የወጣውን ብቻ እንደሚመለከት በግልጽ ተናገርኩ፤ ከዚያም ስልክ ይዤ ወጣሁ። ከአራተኛው ሰው በኋላ፣ የወረዳው ድርሻ ዩኒየኑ መጋዘን ድረስ መምጣቱን፣ ከዚያ ወዲህ የሚያነሣው መኪና ግን አለመገኘቱን አረጋገጥኩ። አራት ስልክ ነው፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣሁ ልደውለው እችል ነበር። ለሬዲዮ አዘጋጁም ደወልኩና ማረሚያ ልስጥ ብዬ ጠየቅሁት፤ በትሕትና «በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስት ደቂቃ እንሰጥዎታለን» አለኝ። ለሽማግሌው ያገኘሁትን በልጃቸው ስልክ ነገርኳቸው፤ «እንግዲህ እንጠብቃለን» ብቻ አሉ።

እሑድ ስመለስ ጣርማበር በጉም ተሸፍኗል። ሸራ የለበሰ አንድ የጭነት መኪና ከፊቴ ቀስ ብሎ ወደ መንዝ ታጠፈ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ምን እንደጫነ ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«ሲሚንቶ ነው ጌታዬ» አለኝና አለፈ።