ከአበሌ የተገዛ ጫት

ሐዋሳ ላይ የሁለት ቀን ወርክሾፕ ነበረን። ርዕሱ ሱስን መከላከል፣ ዋናው መነጋገሪያ ደግሞ አዋጅ 1112/2011። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መጠጥና ሲጋራ አይሸጥም፣ ቢራ በቴሌቪዥን አይተዋወቅም፣ ከበር 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስ ክልክል ነው። አቅራቢው እኔ ነኝ። በሻይ ሰዓት አጫሾቹ ከአዳራሹ በር እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሲርቁ ሳይ ደስ አለኝ። አንዱ ስምንተኛው ላይ ለኮሰ። እንዳላየሁ አለፍኩት።

በሁለተኛው ቀን ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ እጇን አወጣች።

«ልተው ብሎ የሚመጣውን ወዴት እንላከው?»

አለቃችን ማይኩን ከእጄ ወሰደው። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ እናየዋለን።» ምዕራፍ የሚባለው ለጋሹ ብር ከጨመረ ነው። የሕክምና አድራሻ የነበረባትን የመጨረሻ ስላይድ «ለሎጎዎቹ ቦታ ጠበበ» ብሎ ያስወጣኝም እሱ ነው። ነርሷ ደብተሯን ዘጋች።

አመሻሽ ላይ ወደ አዲስ አበባ ተነሳን። ሹፌራችንን ጋሼ ነው የምንለው። ሁለቱንም ቀን ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ነበር። ሻሸመኔን እንዳለፍን ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ ሱስ በሽታ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ ጋሼ።»

«ስለ ጫት ግን ምንም አልሰማሁ።»

«ጫትማ የውጭ ምንዛሪ...»

«እሱን ተወው። ሃያ ዓመት ቅሜያለሁ። በሽታ ከሆነ ሐኪሙ የታለ?»

«አማኑኤል የሱስ ሕክምና አለ።»

መንገዱን ትቶ ዞሮ አየኝ። «አማኑኤል? አበድኩ እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ጠዋት ስለ መገለል አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት እኮ እኔው ነኝ! ጋሼ አልሳቀም። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ዝዋይ ስንደርስ ማዛጋት ያዘው። ሐራራ ነው። ኋላ ያሉት ሁሉ ተኝተዋል። ፊት ለፊት የሲኖትራክ መብራት እየመጣ መኪናችን ወደ ግራ ሳብ አለች።

«ጋሼ!»

«አለሁ፣ አለሁ።»

መቂ ላይ አቁሞ ኪሱን ዳበሰ። «የእናንተ አበል ተከፍሏል አይደል? የእኛ ገና ነው።» ፖስታዬን ከፍቼ ሰጠሁት። ፖስታው ላይ የፕሮጀክቱ ስም በትልቁ ተጽፏል። በፌስታል ይዞ ተመለሰ፣ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው ለጋ ለጋውን ይቀነጥባል። ሞጆ ሳንደርስ ዓይኑ በራ፣ ጨዋታውም ተመለሰ። በሰላም አስገባን።

ሰኞ ሪፖርት ጻፍኩ። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚል ሣጥን አለ። «የመብራት መቆራረጥ» ብዬ ሞላሁት።