ለደሴ የአጫጭር ፊልም ውድድር ዳኞችን የመረጥኩበት መንገድ

ለደሴው ውድድር ዳኛ ስፈልግ መጀመሪያ የጻፍኩት የሰው ስም አልነበረም፤ ፊልም ላይ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ነው። ታሪክ፣ ዝግጅት፣ ትወና፣ ምስልና ቅንብር፣ ድምፅና ሙዚቃ። ከዚያ ለእያንዳንዱ «ይህን ጉድለት ቶሎ የሚያየው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ታዋቂ ሰው አስቀድሞ ከተጠራ ሌሎቹ የእሱን ፊት እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ።

በካን ፊልም ፌስቲቫል ዋናው ውድድር ላይ አብዛኛውን ጊዜ 9፣ በበርሊኑ 7 ዳኞች ይቀመጣሉ። ለእኛ 5 ዳኛና 1 ተጠባባቂ በቂ ነው፤ ኢተጋማሽ ቁጥር ድምፅ እኩል እንዳይከፈል ይረዳል። የመረጥኳቸው ኤዲተር፣ የቲያትር አዘጋጅ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ሙዚቀኛ እና ከሙያው ውጭ የሆነ ፊልም አዘውታሪ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ሰው መቅረት የለበትም፤ ባለሙያዎቹ በምስሉ ጥራት ተማርከው ሳያስተውሉት የሚያልፉትን ያልገባ ታሪክ «አልገባኝም» ብሎ የሚናገረው እሱ ነው።

ሙዚቀኛውን ብዙዎች እንደ ትርፍ ያዩታል። ወሎ ላይ ግን አምባሰልና ባቲ የአገርም የቅኝትም ስም ናቸው፤ ድምፅ የሚለይ ዳኛ ከሌለ የፊልሙ ግማሽ ሳይዳኝ ይቀራል። አንድ ፊልም ላይ የመንዙማ ትዕይንት ነበር። ሥዕሉ ያምራል፣ ብርሃኑ ልክ ነው። ሙዚቀኛው ግን ድቤው ላይ እጅ የሚያርፍበትና ድምፁ የሚሰማበት ቅጽበት እንደማይገጥም፣ ተቀባዮቹም መሪው ሳይጨርስ አፋቸው እንደሚከፈት አሳየን። ትዕይንቱን ደግመን ስናየው ኤዲተሩም አመነ፤ ድምፁ ከሌላ ቀረጻ ተወስዶ የተለጠፈ ነበር።

የደሴና የኮምቦልቻ የፊልም ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ስለዚህ ከግብዣው ደብዳቤ ጋር 3 ጥያቄ ያለው ቅጽ ላክሁ፦ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ባለፉት 3 ዓመታት ሠርተዋል? ዝምድና አለዎት? ካሜራ፣ መብራት ወይም ገንዘብ አበድረዋል ወይም አከራይተዋል? ሦስተኛውን መጀመሪያ ረስቼው ነበር፤ ትልቁ ችግር የሚመጣው ግን ከኪራይ ነው። «አዎ» ያለ ዳኛ ለዚያ ፊልም ነጥብ አይሰጥም፣ በውይይቱም ጊዜ ይወጣል፣ ተጠባባቂው ይተካዋል። ለዚህ ሲባል ተጠባባቂው ሁሉንም ፊልም ማየት አለበት። አበሉም ለስድስቱም እኩል ይሁን።

ነጥቡን ከ100 ከፈልኩት፦ ታሪክ 30፣ ዝግጅት 20፣ ትወና 20፣ ምስልና ቅንብር 15፣ ድምፅና ሙዚቃ 15። ስህተቱ የሚመጣው ሲደመር ነው። አራት ዳኞች ለመጀመሪያው ፊልም 70፣ ለሁለተኛው 75 ሰጡ እንበል። አምስተኛው ነጥብ በጣም የሚያራርቅ ሰው ሆኖ ለመጀመሪያው 88፣ ለሁለተኛው 60 ቢሰጥ ድምሩ 368 ለ360 ይሆናል፤ አራቱ ሰዎች በአንዱ ተሸነፉ ማለት ነው። መፍትሔው እያንዳንዱ ዳኛ በሰጠው ነጥብ መሠረት ፊልሞቹን በደረጃ ማስቀመጥና ደረጃውን መደመር ነው። ያኔ 9 ለ6 ይሆናል፣ ትንሹ ያሸንፋል፣ ሁለተኛው ፊልም ይቀድማል። ነጥቡ ከውይይት በፊት ተጽፎ፣ ተፈርሞ መሰብሰብ አለበት። ከውይይት በኋላ የሚያስተካክል ቢኖር አዲስ ወረቀት ይሙላ፣ የድሮው አይቀደድ።

24 ፊልም በአማካይ 12 ደቂቃ ቢሆን 288 ደቂቃ ነው፤ በሁለት ቀን ከፍዬ፣ በየ4 ፊልሙ 15 ደቂቃ ዕረፍት ሰጠሁ። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ክፍት ይተው። በስልክ የሚያይ ዳኛ ድምፅን መዳኘት አይችልም፤ ሁሉም አንድ አዳራሽ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ስፒከር ይጠቀም። ጄኔሬተር ቀድሞ ይሞከር። በአፋን ኦሮሞ የተሠራ ፊልም የአማርኛ ትርጉም ካልተጻፈበት ለዳኞቹ ከመድረሱ በፊት ይመለስ።

መጀመሪያ የታዩት ፊልሞች ብዙ ጊዜ ይጎዳሉ፣ ዳኛው «የተሻለ ይመጣል» ብሎ ነጥብ ይቆጥባልና። ስለዚህ ከውድድር ውጭ የሆነ አንድ ፊልም አስቀድሜ አሳይቼ ሁሉም ነጥብ ሰጥተው ልዩነታቸውን እንዲነጋገሩበት አደረግሁ።

ዳኞቹ ለሁለት ቢከፈሉ አንደኛውን ሽልማት ለሁለት አልቆርስም። የዳኞች ልዩ ሽልማት የሚባለው ለዚህም ያገለግላል፤ የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ያገኘው አንዱ ሽልማት ይህ ነው። ላልተሸለሙት ደግሞ የአምስቱ ዳኞች አስተያየት ስማቸው ሳይጠቀስ በአንድ ገጽ ተጽፎ በሳምንት ውስጥ ይደርሳቸዋል።