ሳንባ ያመማቸው ትልልቆቻችን ዝም ሲሉ

እኛ ጎንደር አንድ ትልቅ ሰው ከቤት መውጣት ሲተው "እርጅና ነው" እንላለን፣ ሳንባ ያመማቸው ከሆነ ደግሞ "ደረታቸው ነው ምን ያርጉ" ብለን እናልፋለን። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም እዛው ውስጥ ድብርት ተደብቆ ይቀመጣል፣ ድብርት ደግሞ በሽታ ነው፣ ይታከማል።

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራ ጋግረው ሲሸጡ ነው የኖሩት፣ መስኮት በሌለው ማድቤት፣ በእንጨትና በኩበት። ሲጋራ አፋቸው ደርሶ አያውቅም ግን ሲኦፒዲ የሚሉት የአየር መተላለፊያውን እያጠበበ ትንፋሽ የሚያሳጥር የቆየ የሳንባ በሽታ አለብዎት ተባሉ (ጭሱ ብቻውን ይበቃል፣ ድሮ ቲቢ የያዘው ሰው ሳንባም ተጎድቶ ሊቀር ይችላል)። በወር በወር በ7 ደብረ ብርሃን ስላሴ ሳይሳለሙ አይውሉም ነበር፣ ዳገቱ ትንፋሽ ሲያሳጣቸው ተዉት፣ ከዛ ሰንበቴው ቀረ፣ ከዛ ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው እንኳን "እናንተ ጠጡ" ሆነ መልሳቸው። እህል አይበሉ፣ ሌሊት አይተኙ፣ በመጨረሻ ለትንፋሻቸው በአፍ የሚስቡትን መድሃኒት፣ ፓፉንም ተዉት። "እትየ ምነው መድሃኒቱን ተዉት?" ስላቸው "ለማን ብየ ልጄ፣ ሸክም ሆንሁባችሁ እኮ" አሉኝ።

ይሄን የሚያስብላቸው ሳንባቸው አይደለም። ድካሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መዝጋቱ ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል፣ ለዛ ነው ለመለየት የሚያስቸግረው፣ ግን ሸክም ነኝ ማለት፣ ይወዱት የነበረውን ነገር ሁሉ መጥላት፣ ተስፋ መቁረጥ የድብርት ነው። ሀኪሙ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቃቸው፣ የመጨረሻው ሞትን ስለመመኘት ነው። እኛ ቤተሰቦች ይሄን መጠየቅ እንፈራለን፣ መጠየቅ ግን ሀሳቡን አያመጣባቸውም፣ እንዲያውም ይቀላቸዋል። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይተው፣ ዛሬውኑ ሀኪም ቤት ይሂዱ።

ነገሩ እርስ በርሱ ነው የሚመጋገበው። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ የታመመው ሳንባ አየሩን አስወጥቶ ሳይጨርስ ሌላ ይገባበታል፣ ጭራሽ ያፍነዋል። ያን ፈርተው ይቀመጣሉ፣ ሲቀመጡ እግራቸው ይዝላል፣ ከዛ በር ድረስ መሄድም ዳገት ይሆናል። ስለዚህ "ይረፉ፣ አይነሱ" እያሉ አልጋ ላይ ማዋል ፍቅር ቢመስልም ይጎዳቸዋል። በአፍንጫ ስቦ፣ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ከንፈርን ሞጥሞጥ አርጎ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ሀኪም በፈቀደው ልክ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መራመድ፣ ይሄ ለትንፋሹም ለመንፈሱም ይረዳል። የድብርት መድሃኒት ካዘዙላቸው ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋልና አልሰራም ብላችሁ አታስቁሙ። የእንቅልፍ ኪኒን ግን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው እለምናችኋለሁ፣ እንደ ዲያዜፓም ያሉት ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ።

ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፣ ፓፉ ግን አይቋረጥ። ጎረቤት የሆናችሁ ደግሞ አልመጣም ስላሉ አትተዋቸው፣ ቡናውን እሳቸው ቤት ጠጡት፣ ከሰሉን ውጭ አርጉት፣ እጣኑም ይቅር።